ከቦሌ እስከ አክራ፦ የአየር ርቀቱና የበረራ ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

አንድ የመንግሥት ልዑካን ቡድን በጋና ርዕሰ ከተማ አክራ በሚካሄድ ስብሰባ ላይ እንዲገኝ ተጠርቷል እንበል። ስብሰባው የሚጀመረው በዕለቱ ከቀኑ 6 ሰዓት እንደሆነ በጥሪው ወረቀት ላይ ሰፍሯል። የጉዞ ሰነዱን ያዘጋጀው ባለሙያ የአውሮፕላን ትኬቱን ሲመለከት ከአዲስ አበባ መነሻው 08:30፣ አክራ መድረሻው ደግሞ 11:15 ሆኖ ያገኘዋል። በዚህም መሠረት በረራው የሚፈጀው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነው ብሎ ቢደመድም፣ ልዑካኑም በማግሥቱ በተመሳሳይ ፍጥነት ይመለሳሉ ብሎ ለሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሌላ ስብሰባ ቢይዝላቸው ሊደንቅ አይገባም። ይሁንና ስሌቱ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በረራው በእውነቱ የሚወስደው ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሲሆን፣ በመልሱ ጉዞ ትኬቱ ላይ በመነሻውና በመድረሻው መካከል የሚታየው ልዩነት ከ8 ሰዓት በላይ ይሆናል።

እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ቀላል አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶበት የተላከ ልዑክ ከመክፈቻው ሊዘገይ፣ የውሎ አበሉ ከዕቅድ በላይ ሊሆን፣ በሀገር ውስጥ የተያዘለትም ሥራ ሊስተጓጎል ይችላል። አፍሪካ የጋራ ገበያ ለመመሥረት በምትጥርበትና የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ጽሕፈት ቤት መቀመጫውን አክራ ባደረገበት በአሁኑ ወቅት ደግሞ፣ በአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በአዲስ አበባና በአክራ መካከል የሚመላለሱ ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች በርካታ ናቸው። በመሆኑም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ስንት እንደሆነ፣ በረራውስ ለምን ያን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ መረዳት ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ርቀቱ ስንት ነው?

የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ፣ ከግሪንዊች መሥመር በስተምሥራቅ ደግሞ ወደ 38.8 ዲግሪ ላይ ይገኛል። የአክራ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በበኩሉ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5.6 ዲግሪ ላይ፣ ከግሪንዊች መሥመርም በስተምዕራብ እጅግ ተጠግቶ የሚገኝ ነው። የዜሮ ዲግሪው መሥመር የሚያልፈው ከአክራ በስተምሥራቅ በምትገኘው የቴማ ወደብ ከተማ ላይ ነው። በዚህም የተነሳ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ወደ 39 ዲግሪ ይደርሳል።

በምድር ወገብ ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። 39 በ111 ሲባዛ 4 ሺህ 329 ይሆናል። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ስለሚርቁ አንዱ ዲግሪ በመጠኑ ይጠባል፤ በሌላ በኩል አክራ ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ደቡብ ዝቅ ያለች በመሆኗ ጥቂት ርቀት ይጨመራል። ሁለቱ ተጣጥተው በምድር ክብነት ላይ የሚሰላው አጭሩ መንገድ 4 ሺህ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። አብራሪዎች ርቀትን የሚለኩት 1 ሺህ 852 ሜትር በሆነው የባሕር ማይል ሲሆን፣ በእነርሱ መለኪያ ርቀቱ ወደ 2 ሺህ 330 የባሕር ማይል ይጠጋል።

የአየር ርቀት ሲባል በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመር መሥመር ማለት አይደለም። ምድር ክብ በመሆኗ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭር መንገድ በክብነቷ ላይ የሚጠመጠም ቅስት ነው። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ወደ ሰሜንና ደቡብ ዋልታዎች በሚጠጉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቁት በአዲስ አበባና በአክራ መካከል ግን ቅስቱ በካርታ ላይ ከቀጥታው መሥመር ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል። መሥመሩ ከቦሌ ተነስቶ በምዕራብ ኢትዮጵያ በኩል ደቡብ ሱዳንን፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን፣ ካሜሩንንና ናይጄሪያን አቋርጦ፣ ሌጎስ አቅራቢያ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይወጣል። ከዚያም ቤኒንና ቶጎን በስተቀኝ እየተወ አክራ ይደርሳል።

አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ ይህን መሥመር ተከትሎ አይበርም። በሰማይ ላይ ያሉ የበረራ መሥመሮች የታወቁ መተላለፊያዎች ያሏቸው ሲሆን፣ እያንዳንዱን የአየር ክልል የሚቆጣጠር የበረራ መረጃ ማዕከል አለ። አውሮፕላኑ ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው በቅብብሎሽ እየተላለፈ ይጓዛል። ከዚህም በተጨማሪ ከማረፊያ ለመነሳትና ለማረፍ የተዘረጉ የተወሰኑ መግቢያዎችና መውጫዎች ስላሉ፣ በተግባር የሚበረረው ርቀት በስሌት ከሚገኘው አጭር መንገድ ጥቂት መብለጡ የተለመደ ነው።

የበረራ ሰዓት ከርቀት ብቻ አይገኝም

ዘመናዊ የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ከተፈለገው ከፍታ ከደረሰ በኋላ እንደ ዓይነቱ በሰዓት ከ840 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 4 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ለ900 ቢካፈል ውጤቱ 4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሆናል። ለ840 ሲካፈል ደግሞ ወደ 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያድጋል። በትኬት ላይ የሚታየው ጊዜ ግን በሁለቱም አቅጣጫዎች በአብዛኛው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ምክንያት አየር መንገዶች የሚያሳውቁት ጊዜ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበትን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተገፍቶ ሲንቀሳቀስ ሲሆን፣ የሚያበቃውም መድረሻው ላይ ተጠግቶ ሲቆም ነው። ወደ መንደርደሪያው ለመሄድ፣ ተራ ለመጠበቅና ካረፈ በኋላ ወደ መውረጃው ለመጠጋት የሚወስደው ጊዜ ሁሉ ይታሰባል። ሁለተኛው ምክንያት አውሮፕላኑ ሲወጣና ሲወርድ በሙሉ ፍጥነቱ አለመብረሩ ነው። ወደ 11 ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ፣ ለመውረድም ተመጣጣኝ ጊዜ ያስፈልገዋል።

እነዚህ ተጨማሪ ደቂቃዎች በረጅምም ሆነ በአጭር በረራ ላይ በመጠን ተቀራራቢ ናቸው። በመሆኑም አጭር ጉዞ ላይ ያላቸው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ለአብነት ያህል ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ያለው የአየር ርቀት ወደ 1 ሺህ 160 ኪሎ ሜትር ነው። በስሌት 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ሊበቃው የሚገባው ይህ ጉዞ፣ በበረራ ሰሌዳ ላይ የሚያዝለት ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ የሚገኝ መልስ የበረራ ዕቅድ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። የጉዞ ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ በእጁ መረጃ ከሌለው፣ ርቀቱን ለ850 አካፍሎ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ቢጨምርበት ከእውነታው ብዙ አይርቅም።

ነፋስ፣ ደመናና አቧራ

ሦስተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላን የሚበረው በሚንቀሳቀስ አየር ውስጥ በመሆኑ፣ ከኋላው የሚነፍስ ነፋስ በምድር ላይ የሚሸፍነውን ርቀት ያፋጥንለታል፤ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ደግሞ ያዘገየዋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሆነ ነፋስ ከኋላው ቢያገኝ 4 ሺህ 300 ኪሎ ሜትሩን በ4 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይጨርሳል። ይኸው ነፋስ ከፊቱ ቢመጣበት ግን 5 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይወስድበታል። የአንድ ዓይነት ነፋስ አቅጣጫ መለወጥ ብቻ የግማሽ ሰዓት ልዩነት አስከተለ ማለት ነው።

በምድር ወገብ አካባቢ በከፍታ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በሰሜን አትላንቲክ ላይ እንደሚታወቀው ዓይነት ብርቱ አይደለም። ያም ሆኖ የወቅት መፈራረቅ ይታይበታል። በኢትዮጵያ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት ከእስያ ተነስቶ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ የከፍታ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ ወደ አክራ የሚሄደውን አውሮፕላን ሊያግዝ፣ የሚመለሰውን ሊያዘገይ ይችላል። በበጋው ወራት ደግሞ ከምዕራብ የሚመጡት ነፋሶች ወደ ደቡብ ስለሚጠጉ ሁኔታው ሊገለበጥ ይችላል።

የአየር ጠባዩ ተጽዕኖ በነፋስ ብቻ አያበቃም። በመሥመሩ ላይ የሚገኘው የመካከለኛው አፍሪካ ሰማይ ነጎድጓዳማ ደመና የሚበዛበት ነው። እነዚህ ደመናዎች ከአውሮፕላኑ የበረራ ከፍታ በላይ ሊያድጉ ስለሚችሉ አብራሪዎች በራዳር እያዩ ዙሪያቸውን ያልፋሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ደግሞ ከሰሃራ የሚነሳውና ሃርማታን በመባል የሚታወቀው ደረቅ ነፋስ በምዕራብ አፍሪካ አቧራ በማልበስ ዕይታን ይቀንሳል። ማረፍ የሚያስቸግር ሁኔታ ቢያጋጥም አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ማረፊያ ሊያቀና ይችላል። ለምሳሌ የቶጎዋ ሎሜ ከአክራ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ለዚህም ሲባል አውሮፕላን ነዳጅ የሚሞላው እስከ መድረሻው የሚበቃውን ያህል ብቻ አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውንና ከዚያም በላይ ጄት ከሆነ ለ30 ደቂቃ አየር ላይ የሚያቆየውን መጠባበቂያ ነዳጅ መያዝ ይኖርበታል።

የራዳርና የሬዲዮ ሽፋን በሁሉም የአፍሪካ ሰማይ ላይ እኩል አለመሆኑም ይታወቃል። በዚህም የተነሳ ሽፋኑ በሳሳባቸው አካባቢዎች የሚበሩ አብራሪዎች ያሉበትን ቦታና ከፍታ በጋራ የሬዲዮ ሞገድ እርስ በርሳቸው እንዲያሳውቁ የሚያደርግ አሠራር በአህጉሪቱ ተዘርግቶ ቆይቷል። ጥንቃቄው ለደኅንነት የግድ ነው።

ቦሌ በከፍታው ምክንያት የሚጠይቀው

ከአዲስ አበባ የሚነሳ በረራ ሁሉ የሚጋራው አንድ ሁኔታ አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የአክራው ግን ከ100 ሜትር በታች ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፍ አውሮፕላኑን ለማንሳት ከፍ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩም የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያሻዋል፤ ወይም ጭነቱን አለዚያም ነዳጁን መቀነስ ይኖርበታል።

ወደ አክራ ለሚደረገው መካከለኛ ርቀት ያለው በረራ ይህ ከባድ ችግር አይደለም። በረጅም በረራዎች ላይ ግን ውጤቱ በግልጽ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለዓመታት በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው አውሮፕላን ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሳ በቀጥታ ቦሌ ይደርስ ነበር። ርቀቱ አንድ፣ አውሮፕላኑም አንድ ሆኖ ሳለ የጉዞው ሰዓት የተለያየው በከፍታው ምክንያት ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ የሚገኝ መሆኑም ከዚህ አንጻር የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይሆንም።

የሰዓት ልዩነቱና የእኛ አቆጣጠር

ወደ መነሻው ምሳሌ እንመለስ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትሸፍናለች። 39 ዲግሪ ለ15 ሲካፈል ከ2 ሰዓት ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ፀሐይ አክራ ላይ የምትወጣው አዲስ አበባ ላይ ከወጣች ከዚህ ያህል ጊዜ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ሀገሮች ሰዓታቸውን በሙሉ ሰዓት ስለሚያስተካክሉ ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስትቀድም፣ ጋና ግን ራሱን የግሪንዊችን ሰዓት ትጠቀማለች። በመሆኑም አክራ ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

በትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ የመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻውም የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ 08:30 ላይ የተነሳና 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የበረረ አውሮፕላን አክራ ሲደርስ በአዲስ አበባ 14:15 ይሆናል። በአክራ ግን ገና 11:15 ነው። በመልሱ ከአክራ 12:30 ላይ ተነስቶ 5 ሰዓት ተኩል ቢበር በአክራ አቆጣጠር 18:00፣ በአዲስ አበባ ግን 21:00 ላይ ቦሌ ይደርሳል። ትኬቱ ላይ ወደ አክራ ሲኬድ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ሲመለሱ ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል የሚታየው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ይህም አውሮፕላኑ በደርሶ መልስ ከተጓዘበት ጊዜ ጋር ፍጹም እኩል ነው። ሲኬድ የተገኘው 3 ሰዓት ሲመለሱ ተከፈለ እንጂ የተረፈ ነገር የለም።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሀገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ሲሆን፣ ትኬት ላይ የሚሰፍረው ግን ከእኩለ ሌሊት የሚነሳው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 08:30 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 21:00 ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የስብሰባ ጥሪ በአክራ አቆጣጠር 12:00 የሚል ከሆነ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። 11:15 ላይ አክራ ያረፈ ልዑክ የኢሚግሬሽንና የሻንጣ ሂደቱን ጨርሶ፣ በከተማው መንገድ ተጉዞ 12:00 ላይ አዳራሽ ሊገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው። በመሆኑም በዋዜማው መግባት ይኖርበታል።

የሰዓት ልዩነቱ ሳይጓዙ በስልክ ወይም በምስል ለሚነጋገሩ መሥሪያ ቤቶችም ቁም ነገር ነው። የአክራ መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 8:00 ላይ ሲከፈት በአዲስ አበባ 11:00፣ ማለትም ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲዘጋ በአክራ ገና 14:30 ነው። የሁለቱም የምሳ ሰዓት ሲቀነስ ለጋራ ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ከ4 ሰዓት ተኩል ብዙ አይበልጥም። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ በአየር ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ በላይ ከምትርቀው ከጆሃንስበርግ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት 1 ሰዓት ብቻ ነው። ርቀቶቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ የሰዓት ልዩነታቸው የተራራቀው፣ አንደኛው ጉዞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ከሰሜን ወደ ደቡብ በመሆኑ ነው።

ቀጥታ በረራ ከሌለ ርቀቱ ይለወጣል

እስካሁን የተገለጸው ሁሉ ቀጥታ በረራ አለ በሚል መነሻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ በ1946 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1960 አዲስ አበባን በአክራ በኩል ከላይቤሪያዋ ሞንሮቪያ ጋር የሚያገናኝ መሥመር ከፈተ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ ሀገሮች ነጻነታቸውን ገና በመጎናጸፍ ላይ የነበሩ ሲሆን፣ የአህጉሪቱ የአየር መሥመሮችም በአብዛኛው የተዘረጉት እያንዳንዱን ቅኝ ግዛት ከአውሮፓ ርዕሰ ከተማ ጋር እንዲያገናኙ ነበር።

የዚህ ትርጉም በቁጥር ሲታይ የሚያስደነግጥ ነው። ከአዲስ አበባ በለንደን በኩል አክራ መሄድ ወደ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ከቀጥታው መንገድ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሲሆን፣ በመሸጋገሪያው የሚጠፋው ጊዜና የሦስተኛ ሀገር ቪዛ ሲታከልበት ከስድስት ሰዓት ያነሰው ጉዞ ወደ ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ ይለወጣል። በአዲስ አበባና በአክራ መካከል ይህ ችግር ቢቀረፍም፣ እርስ በርስ ቀጥታ በረራ የሌላቸው በርካታ የአፍሪካ ከተሞች ዛሬም አሉ። ለእነርሱ የአየር ርቀት የሚወሰነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመሸጋገሪያው ቦታና በጥበቃው ርዝመት ነው።

ሀገሮች በሰማያቸው ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው እ.ኤ.አ በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ያረጋግጣል። በመሆኑም አንድ አየር መንገድ ወደ ሌላ ሀገር ለመብረር የሁለቱን መንግሥታት ስምምነት ይፈልጋል። ስምምነቱም በሳምንት ስንት በረራ እንደሚፈቀድና ወደ የትኛው ከተማ እንደሆነ ሊገድብ ይችላል። ይህን ለማቃለል የአፍሪካ ሀገሮች እ.ኤ.አ በ1988 የያሙሱክሮን መግለጫ፣ እ.ኤ.አ በ1999 ደግሞ አስገዳጅነት ያለውን የያሙሱክሮ ውሳኔ አጸደቁ። አፈጻጸሙ ሲጓተት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ በጥር 2018 አንድ ወጥ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በአዲስ አበባ ይፋ ሆነ። ኢትዮጵያና ጋና ከመጀመሪያዎቹ 23 ፈራሚዎች መካከል ሲሆኑ፣ የፈራሚዎቹ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከ30 በላይ ደርሷል። ስምምነቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚወስነው ግን የየሀገሩ የፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የዕለት ውሳኔ ነው።

በዚሁ ዓመት በመጋቢት ወር በኪጋሊ የተፈረመውና እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ንግድ የተጀመረበት አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣናም ያለ አየር ትስስር ሊሠምር አይችልም። ነጋዴው ናሙናውን ይዞ፣ ባለሙያው ሰነዱን ይዞ በዕለቱ መድረስ ካልቻለ ከታሪፍ መቀነስ የሚገኘው ጥቅም በጉዞ ወጪ ይበላል።

ሰላምም የርቀት መለኪያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ የሀገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ በመዘጋቱ፣ ቀድሞ በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ አውሮፕላኖች ዙሪያውን ለመሄድ ተገደዋል። ከተሞቹ ባሉበት ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው መንገድ ረዝሟል፤ ነዳጁና ሰዓቱም ጨምሯል።

ለጉዞ አዘጋጆች

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለመሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው ተግባራዊ ትምህርት አለ። የጉዞ ጥያቄ ሲቀርብ በትኬቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች ከመቀናነስ አስቀድሞ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መለወጥ ያስፈልጋል። ከበረራው ሰዓት በተጨማሪ ከመነሻው በፊት ለፍተሻና ለምዝገባ የሚያዘው 3 ሰዓት፣ ካረፉም በኋላ ወደ ከተማ ለመግባት የሚፈጀው ጊዜ ሊታሰብ ይገባል። በዚህ ስሌት የአክራ ጉዞ ከቤት እስከ ሆቴል ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ ነው። በመልሱም ማታ የሚገባ ሠራተኛ በማግሥቱ ጠዋት ስብሰባ እንዲመራ መጠየቅ ተገቢ አይሆንም።

ጋና ወደ ግዛቷ የሚገቡ መንገደኞች የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እንዲይዙ የምትጠይቅ መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም። የምስክር ወረቀቱ ሕጋዊ የሚሆነው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በመሆኑም ትኬት በመጨረሻው ሳምንት ቢገኝም፣ ክትባቱ ያልተወሰደ ከሆነ ጉዞው በዚያው ሊሰናከል ይችላል። 

በአጠቃላይ ከቦሌ እስከ አክራ ያለው 4 ሺህ 310 ኪሎ ሜትር የማይለወጥ ቁጥር ነው። መንገደኛው የሚያሳልፈው ጊዜ ግን በነፋሱ፣ በማረፊያው ከፍታ፣ በአየር ክልሎች ሰላምና መንግሥታት በሚሰጡት የበረራ ፈቃድ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከነዚህ መካከል ነፋሱን ማዘዝ የሚችል የለም። ፈቃዱና ዕቅዱ ግን በመሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚወሰኑ በመሆናቸው፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተገቢውን ትኩረት ሊሰጧቸው ይገባል።